ያልተመለሰ ጉርሻ

አሪፋ የሰማችው ግማሹን ነው። ልጇ ሰዑድ በረንዳው ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል፤ እሷ ከሱብሂ ሶላት ተነሥታ መስገጃዋን እንኳ ሳታጥፍ፣ በተሰነጠቀው መስኮት በኩል ድምፁ ይደርሳታል። «አብሽር ዝናቡ፣ እኔ አመቻቸዋለሁ። የእትዬ መስታወት ለብቻዋ ይቀርባል። ከትሪው አትበላም፤ ገባኝ አልኩህ እኮ። ኧረ እማ አትሰማም! እሷ ከሰማች ቀኑ አበቃለት።» ከዚያ ሳቅ አለና ስለ ሚኒባሱ ሰዓት ማውራት ጀመረ።

አሪፋ መስገጃውን አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው፤ መልሳ አነሣችው፤ ዘረጋችና እንደገና አጠፈችው። ተከራይተው የሚኖሩባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ደሴ ውስጥ ከሸዋ በር ከፍ ብላ ያለች ናት፤ በጥቅምት ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም እስከ ደጃፉ ወርዶ የልብስ ማስጫውን ገመድ ይደብቀዋል። ከጓዳ የሰዑድ ሚስት ራዚያ ቴርሞስ ስትሞላ፣ ብርጭቆ በጋዜጣ ስትጠቀልል፣ ቲማቲም እንዲህ መወደዱን ለራሷ ስታማርር ይሰማል። ዛሬ እኮ የደስታ ቀን ነው። ፒያሳ ግድግዳው ሁሉ ማስታወቂያ ከለበሰ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ የከተማው ወጣት ሠዓሊዎችና ሙዚቀኞች ሐይቅ ዳር የጸደይ ሽርሽር አዘጋጅተዋል፣ ሥዕል አለ፣ መሰንቆ አለ፣ ምግብ አለ፣ ጀልባ አለ። የእኅቷ የመስታወት ልጅ ዝናቡም ከሠዓሊዎቹ አንዱ ነው። በአሪፋ ጆሮ የቀረው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ ነው። ከትሪው አትበላም።

አሪፋና መስታወት የእናት ልጆች ናቸው። አባታቸው ለየቅል ነው፤ አንዷን አባቷ በቁርኣን፣ አንዷን አባቷ በመስቀል አሳደጋት፤ በወሎ ይኼን ሰምቶ የሚደነቅ ሰው የለም። ዓመት በዓል ሲመጣ ግን ትሪ ይለያል። በዒድ መስታወት ስትመጣ ሥጋው ወደ ሌሎቹ እንግዶች ያልፍና ለእሷ ሽሮ ይሠራላታል፤ በመስቀል አሪፋ ስትሄድ ዳቦና ማር ይቀርብላታል። አንዷ የሌላዋን የታረደ አትነካም፤ ሁለቱም አይቀየሙበትም። እናታቸው ግን የሐይቅ ከተማ ልጅ ነበረችና አንድ ነገር አስለምዳቸው ሞተች፤ በዓመት አንድ ቀን፣ አደይ አበባው ጨርሶ ሳይረግፍ፣ ሐይቅ ወርደው ከአንድ ትሪ ዓሣ ይበላሉ። ዓሣ አይታረድም፤ ከውኃ ሲወጣ በማን ስም ብሎ የሚጠይቀው የለም። እናታቸው ካረፈች አሥራ አራት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ የቀሩት አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ያውም በጦርነቱ መንገዱ ተዘግቶ። በሰላሙ ቀን፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ፣ ትሪ ሊለይ ነው።

«ማን ነው አትብዪ ያላት?» እያለች ሒጃቧን ሁለት ጊዜ አስራ ሁለት ጊዜ ፈታች። ዝናቡ ይሆን? ልጁ ባለፈው ዓመት ሰንበት ትምህርት ቤት ገብቷል። ግን ደግሞ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የራዚያን ፓስታ ሁለት ሳሕን ጠርጎ ሄዷል። ወይስ መስታወት ራሷ ናት? ማስታወስ ያልፈለገችው ነገር መጣባት። በሐምሌ የአሪፋን የሐሞት ጠጠር በቀዶ ሕክምና ካወጡላት በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ አሥራ አንድ ቀን ራሷን ሳታውቅና እያወቀች ሰንብታ ነበር። መስታወት የመጀመሪያውን ቀን መጥታ አልጋው ግርጌ ቁጭ ብላ እግሯን ስትዳብስ ዋለች፤ ከዚያ ሦስት ቀን ጠፋች። በአራተኛው ቀን እያነከሰች መጣች፤ እግሯ አብጦ ጫማው አልገባ ብሏት ነጠላ ጫማ አድርጋለች። «ብርድ መታኝ እቴ» አለች። አሪፋ አልጠየቀችም። አልጠየቀችም እንጂ አልረሳችም። እኅት ሞት አፋፍ ላይ ተኝታ ሦስት ቀን ሙሉ ብርድ ይመታል?

«ማን ነበር የደወለው?» አለችው ሰዑድን ሲገባ።

«ዝናቡ ነው እማ፤ የመኪናውን ሰዓት ሊነግረኝ።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ሌላማ ምን አለ?» ብሎ ጎንበስ አለና የታሰረውን የጫማውን ክር ፈትቶ እንደገና ማሰር ያዘ። ልጇን ስለምታውቀው ሌላ አልጨመረችም።

መስታወት ፒያሳ ላይ ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ ቆማ ነበር። ጉንጯን ሦስት ጊዜ ሳመቻት። አሪፋ ጉንጯን ሰጠች እንጂ አልሳመችም። «ሆድሽ እንዴት ነው? ቁስሉ አይጎትትሽም?» ስትላት «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወደ መኪናው ገባች። መቀመጫው ለሁለት የሚሆን ስለ ነበረ ግን ጎን ለጎን መቀመጣቸው አልቀረም። ረዳቱ በሩን ደግፎ ይጮኻል፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ እናቶች! አሁን ቀጠን ብላችሁ ተቀመጡ፣ ዓሣውን በልታችሁ ስትመለሱ ነው የምትወፍሩት!» መኪናው ሁሉ ሳቀ፣ መስታወትም ሳቀች፤ አሪፋ መስኮቱን ከፈተችው፣ ብርዱ ሲገባ ዘጋችው። ቦሩ ሜዳን ሲያልፉ ጉሙ ተገፈፈና አገሩ ብቅ አለ፤ የጤፉ ማሳ ቢጫ መምታት ጀምሯል፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ያለው አደይ ደግሞ ከቢጫነት ወደ ዝገት ዞሯል። መስታወት «ሽንኩርት መቶ ሃያ ገባ አሉ» አለች። «እኔ መቶ ሠላሳ ነው የገዛሁት።» «ኧረ ተይኝ!» «ወላሂ።» ወሬያቸው እዚያ ላይ ተቆረጠ። ጉልበታቸው በየመታጠፊያው ይነካካል፣ አሪፋ ጉልበቷን ትሰበስባለች፣ መኪናው ሲታጠፍ ተመልሶ ይነካል። ሌላ ዓመት ቢሆን እስከ ሐይቅ ድረስ የእናታቸውን ነገር እያነሡ፣ አንዷ የጀመረችውን አንዷ እየጨረሰች ነበር የሚሄዱት።

ሐይቁ ዳር ደሴ ሙሉ የወረደ ይመስል ነበር። ልጃገረዶች አበባ ጸጉራቸው ላይ ሰክተው ስልካቸውን ወደ ፊታቸው ዘርግተዋል፤ ጀልባው ጋ ሰልፍ ነው፤ የበቆሎ እሸት ጠባሾች ምድጃቸውን በረድፍ ደርድረዋል፤ ከወዲያ ሥጋ የሚያቀርቡት ድንኳኖች እንደ ደንቡ የየራሳቸውን ምልክት ሰቅለው በሁለት ወገን ተተክለዋል። መድረኩ ላይ አንድ ወጣት መሰንቆውን ያስተካክላል፣ ሌላው ኦርጋኑን። ሥዕሎቹ ከዛፍ ወደ ዛፍ በተዘረጋ ገመድ ላይ ተንጠልጥለዋል። ዝናቡ ሥዕሎቹ ሥር ቆሞ ከአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጋር ክርክር ገጥሞ አገኙት፤ ሰው ከቧቸዋል።

«ይኼ የማን ሐይቅ ነው?» ይላሉ ሽማግሌው በዱላቸው እየጠቆሙ።

«የእናንተው ነዋ አባባ።»

«የእኛማ እንዲህ ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም። የእኛ ጠዋት ግራጫ ነው፣ እኩለ ቀን አረንጓዴ ነው፣ ሲቆጣ ጥቁር ነው። አንተ ከሚስትህ ሻሽ ላይ ነው የቀዳኸው!»

«ሚስት የለኝም አባባ።»

«እንዲህ እየሣልክ ማን ያገባሃል?»

ሰው በሳቅ ፈረሰ፣ ዝናቡም ሆዱን ይዞ ሳቀ። መስታወት በኩራት አንገቷን ቀና አድርጋ በአጠገቧ ለቆመችው ሴት «ልጄ ነው» አለች። አሪፋ እንዲህ ባለው ጊዜ ሁሉ «የእኛ ልጅ ነው» ማለት ልማዷ ነው። ዛሬ ግን አላለችውም። መስታወት ዘወር ብላ አየቻት፤ አሪፋ ሥዕሉን የምታይ መሰለች። ከዚያ አንድ ቦታ መቆም አቃታት። ጀልባው ጋ ሄደች፣ ተመለሰች። ራዚያ «እማ፣ እዚህ ቁሚ ፎቶ ላንሣሽ» ስትላት ቆማ፣ ሳይነሣ ሄደች። ሸንኮራ ገዝታ አንድ አንጓ ልጣ ለማታውቃት ልጅ ሰጠቻት። ውስጧ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ከእጄ ትበላ እንደ ሆነ፣ አትበላ እንደ ሆነ፣ እኔው ራሴ ማየት አለብኝ።

ዓሣ ጠባሿ ሀውራ የሐይቅ ሰው ናት፤ ሁለቱን እኅትማማቾች ከእናታቸው ጊዜ ጀምሮ ታውቃቸዋለች። ድንኳን የላትም፤ ከወርካው ሥር በሦስት ድንጋይ ላይ ትልቅ መጥበሻ ጥዳ፣ ከዓሣ በቀር ምንም አታስነካበትም።

«አሪፋ! ዘንድሮ አላያትም ብዬ ነበር እኮ፤ ታማለች ሲሉኝ።»

«አላህ አቆየኝ።»

«ተመስገን በይ። ልጅሽ አዞ ሄዷል፤ አምስት ቆሮሶ ዓሣ በአንድ ትሪ፣ አንድ ሽሮ ደግሞ ለብቻው በትንሽ ሳሕን።»

«ሽሮ?»

«ሽሮ። ድስቱን ለብቻ፣ ማንኪያውን ለብቻ፣ ዓሣ እንዳይነካው ብሎ አስጠንቅቆኛል። ሐይቅ መጥቶ ሽሮ የሚበላ ሰው ዘንድሮ አየሁ!»

አሪፋ ጣቶቿን አጠፈች። የእኅቷን ጾም ከራሷ ረመዷን እኩል ታውቀዋለች፤ ለሃምሳ ዓመት አብራ ቆጥራዋለች። ዛሬ እሑድ ነው፤ ረቡዕ አይደለም፣ ዓርብ አይደለም። ፍልሰታ ካለፈ ቆይቷል፣ የነቢያት አልገባም፣ ሁዳዴ ሩቅ ነው። አምስቱም ጣቷ ታጠፈ፣ ለሽሮው ምክንያት የሚሆን ጣት አልተረፈም። እንግዲያውስ ዓሣው አይደለም የተጠላው፤ አብሮ የሚበላው ሰው ነው። ጆሮዋ ጋለ።

«ሽሮውን ተይው» አለች።

«ልጅሽ ግን…»

«እናቱ ነኝ። ተይው አልኩሽ።»

«ኧረ እኔ ምን ቸገረኝ እቴ» ብላ ሀውራ ዓሣውን ገለበጠችው።

ትሪው ሲመጣ አራት ሆነው ወርካው ሥር ተቀምጠዋል፤ ዝናቡ ሥዕሉን የሚጠብቅለት ሰው እስኪያገኝ ጀምሩ ብሏል። ሰዑድ እጁን እየታጠበ ቀና ብሎ «አንድ ሳሕን ይቀራል» ሲል፣ የምታስተናግደው ልጅ «እናትህ ይቅር ብለዋል እኮ» አለችው። ሰዑድ እናቱን አየ፣ አክስቱን አየ፣ ውኃው በክርኑ ላይ ሲወርድ አላወቀውም። መስታወት ግን ረጋ ብላ፣ «ግድ የለም፣ እኔ ብዙም አልራበኝም፤ ብሉ እናንተ» አለችና ከዘንቢሏ ካወጣችው ዳቦ ቆርሳ በደረቁ ማላመጥ ጀመረች። ዓይኗን ከዳቦው አላነሣችም። ከመድረኩ መሰንቆው አምባሰልን ጀምሯል፤ ተጫዋቹ በየተመልካቹ እየዞረ ግጥም ይወረውራል፦

የአምባሰል ደመና ተራራው ላይ ዋለ፤
ሰው አብሮ እየበላ ሆዱ ሌላ አለ።

«ወይ ነዶ!» አለ አንዱ ከኋላቸው። አሪፋ ስንኙ ለእሷ የተወረወረ መሰላት። ቢስሚላህ ብላ ከትልቁ ዓሣ ከጀርባው በኩል ቆረሰች፤ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቀመች፣ እናታቸው ታደርገው እንደ ነበረው በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች፤ ዳጣ አስነካችው፣ በእንጀራ ጠቀለለችውና በትሪው ላይ ተሻግራ እጇን ዘረጋች።

«እትዬ።»

መስታወት ማላመጧን አቆመች። ራዚያ ብርጭቆ እንደ ያዘች ቀረች። ሰዑድ «እማ፣ ተያት እስቲ…» ብሎ ጀምሮ ተወው። የአሪፋ እጅ ሲዘረጋ ቁስሏን ጎተታት፣ ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ግን አላጠፈችውም። «አፍሽን ክፈቺ እንጂ፣ እጄ ሊደርቅ ነው» አለች፤ መሳቋ ነበር፣ ሳቅ ግን አልሆነላትም። መስታወት እጁን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በእጁ ላይ አሳልፋ ሐይቁን፣ ሐይቁ ውስጥ እንደ ምላስ የገባውን የእስጢፋኖስ ገዳም ደን አየች፤ ዓይኗን ጨፈነችና አፏን ከፈተች። አላኘከችም። እንደ መድኃኒት ዋጠችው።

«እንዲህ ነው እንጂ!» ብላ ራዚያ አጨበጨበች።

አሪፋ አሸነፈች። ከጠዋት ጀምሮ የያዛት ነገር የሚለቃት መሰላት፤ እጇን መለሰችና ጠበቀች። ጉርሻ ይመለሳል፤ በእነሱ ቤት ሳይመለስ ቀርቶ አያውቅም፤ እናታቸው አልጋ ይዛ እንኳ በደከመ እጇ ትመልስ ነበር። መስታወት በነጠላዋ ጥለት ከንፈሯን ጠረገች። ወደ ትሪው አልዞረችም። ትንሽ ቆይታ «ወገቤን ያዘኝ፣ ልንቀሳቀስ እስቲ» ብላ ተነሣች፣ ዘንቢሏን እንኳ ሳታነሣ በሰው መካከል ሄደች። አሪፋ ሁለት ጊዜ ጎረሰች፣ ሦስተኛው አልወረደላትም።

ሐይቁ ጠርዝ ላይ ወርዳ ዉዱእ አደረገች። እጇን አጠበች፣ አሸተተችው፣ ደግማ አጠበችው፤ የዓሣው ሽታ ከጣቷ አልለቅም አለ። ዙሁርን ስትሰግድ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለች ጠፋባትና እንደገና ጀመረች። ስትመለስ ዝናቡ መጥቶ፣ ቆሞ፣ የተከማቸውን አጥንት እያየ ነበር።

«እማዬስ?» አለ።

«ልንቀሳቀስ ብላ ሄደች» አለች ራዚያ። «ፈርታችሁ ነበር እንጂ በላች እኮ፤ እማ አጎረሰቻት!»

«ምኑን?»

«ዓሣውን ነዋ።»

ዝናቡ የያዘውን ሁሉ ያስቀመጠ ያህል ቁጭ አለ። «አክስቴ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጽጌን እየጾመች ነው እኮ። የአበባውን ጾም። እንዳትናገር ብላ አስምላኝ ነው ለሰዑድ እንኳ ምክንያቱን ያልነገርኩት።»

ስድስተኛ ጣት። ግዴታ ያልሆነው፣ የፈለገ ብቻ የሚጾመው፣ መስታወት በሕይወቷ ጾማው የማታውቀው፤ በየዓመቱ በዚሁ ጾም መካከል ነበር ዓሣ ሲበሉ የኖሩት። አሪፋ ከመቁጠሪያዋ ውጪ አድርጋው ነበር። «ዘንድሮ ምን ተገኘና?» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«አላውቅም። ስለት ይመስለኛል። በሐምሌ አንቺ ተኝተሽ እያለሽ ከደሴ እስከዚህ በእግሯ መጥታለች፣ በዚያ ዝናብ። ሁለት ቀን ሄዳ፣ ገዳሙ በር ላይ አድራ ነው የተመለሰችው። እግሯ አብጦ አላየሽም?»

አሪፋ አይታለች። «ብርድ መታኝ እቴ።»

ሰዑድ «ቆይ እማ፣ አብሬሽ ልምጣ» እያለ ሳይጨርስ «ወደ ገዳሙ» ብላ ባጃጅ ውስጥ ገብታ ነበር። ባለባጃጁ መንገዱ እስከሚፈቅድለት አደረሳት። «ከዚህ ወዲያ በእግር ነው እናቴ፤ ደግሞም እኮ ለሴት እስከ በሩ ነው የሚፈቀደው» አላት፣ ሒጃቧን በመገረም እያየ። «እስከ በሩ ይበቃኛል» አለችው። መንገዱ ጠጠራማ ዳገት ነው፣ ከግራና ከቀኝ ውኃው በዛፎቹ መካከል ብልጭ ይላል፤ ከኋላዋ የመድረኩ ሙዚቃ በነፋስ ይመጣል ይሄዳል። ሆዷን በእጇ ደግፋ እየተቀመጠች፣ እየተነሣች ሄደች። ያ አላህ፣ ትላለች፣ ያ አላህ፣ ከዚህ ቃል የሚቀጥለውን ግን አጣችው።

መስታወት በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ጫማዋን አውልቃ ጎኗ አኑራለች። የእኅቷን ኮቴ ከሩቅ ታውቀዋለችና ሳትዞር፣ «ሐኪሙ ዳገት አትውጪ አላለሽም?» አለች።

«ብሏል።»

«ታዲያ?»

«አንቺስ ከደሴ በእግርሽ ስትመጪ ሐኪም ጠይቀሽ ነበር?»

መስታወት ጫማዋን ከጎኗ አነሣች። «ይኼ ልጅ ምላሱ ሥዕሉን ያህል እንኳ አያምርም» አለች።

አሪፋ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ድንጋዩ ለሁለት ጠባብ ነው። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለት ሳይሞላ ይወራል እንዴ? ብነግርሽስ፣ ለእኔ ብለሽ አትራቢ እያልሽ ነው ጾሙን የምታስገድፊኝ።»

«እሺ፣ ለምን ጎረስሽ? ጾመኛ ነኝ ማለት አቃተሽ?» ድምፅዋ ከፍ አለ፣ በሩን አይታ ዝቅ አደረገችው። «አንድ ቃል እኮ ነው እታለም።»

መስታወት የአሪፋን ቀኝ እጅ ከጉልበቷ ላይ አነሣችውና ገልብጣ አየችው። «በሐምሌ ይኼ እጅ በመርፌ ተበሳስቶ፣ ጠቁሮ፣ አንሶላው ላይ እንደ እንጨት ተዘርግቶ ነው ያየሁት። ብጠራሽ አትሰሚም። ይኼ እጅ ብቻ ይንቀሳቀስልኝ ብዬ ነው የተሳልኩት። ዛሬ እየተንቀጠቀጠ ወደ አፌ ሲመጣ ምን ላድርግ? ልመልሰው?»

ከጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመው የአሪፋ ዕንባ ወረደ። መስታወት አላባበለቻትም፤ እጁን ግን አልለቀቀችውም። እንዲያ ሳሉ መስታወት በዲያቆን ያስጠራቻቸው ሸምገል ያሉ መነኩሴ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ወጡ። ሁለቱም ተነሡ። መስታወት አንገቷን ደፍታ ነገሩን ስትጀምር አሪፋ ቀደመቻት፤ «አባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ነኝ ያጎረስኳት።»

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የእናቷ።»

«ስለቱስ ለማን ነበር?» አሉ ወደ መስታወት ዞረው። መስታወት በአገጯ አሪፋን አመለከተች። መነኩሴው አንዷን አዩ፣ አንዷን አዩ፤ በመዳፋቸው አፋቸውን ይዘው ጥቂት ሳሉ፣ ሳሉ እንጂ ትከሻቸው የሳቀ ሰው ትከሻ ነበር። «ስንት ቀን ቀረሽ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ጨርሺው። ለዛሬዋ አንድ ቀን ጨምሪ። አንቺ ደግሞ» አሏት አሪፋን፣ «ከእንግዲህ ሳትጠይቂ አታጉርሺ።» ይኼን ብለው ባርከው ተመለሱ።

«የተጨመረችዋን ቀን እኔ እጾማታለሁ» አለች አሪፋ፣ መንገድ ሲጀምሩ። «ነገ ሰኞ ነው፤ የሱና ጾም ቀን።»

«የአንቺ ጾም ለእኔ አይቆጠርም እኮ።»

«ለማን እንደሚቆጠር የምታውቂው አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ሐኪሙስ?»

«ሐኪሙ በልክ ብዪ ነው ያለኝ።»

«እሱን እንጂ አንቺን ማን ያምናል!» አለች መስታወት። የአስር ሶላት ሰዓት ሊያልፍ ሲል አሪፋ ከመንገዱ ወጣ ብላ ቆመች። መስታወት ጎንበስ ብላ ግንባሯ ከሚያርፍበት ቦታ ሁለት ጠጠር አነሣችላት፤ ከዚያ የአሪፋን ጫማና ቦርሳ ይዛ፣ ሰግዳ እስክትጨርስ ፊቷን ወደ ውኃው አዙራ ጠበቀቻት።

ሲመለሱ ያው ረዳት ነበር። «እህሳ እናቶች፣ ወፈራችሁ?» ሲል መስታወት «አንዳችን ብቻ» አለችው። ሰዑድ ከፊት ተቀምጦ በየደቂቃው ዞር ብሎ ያያቸዋል፣ ሊጠይቅ ፈልጎ ይተወዋል። ዝናቡ ሰማያዊ ሐይቁን ጭኑ ላይ አቁሞ አቅፎታል፤ አልተሸጠለትም። ሁለቱ እኅትማማቾች ጎን ለጎን ናቸው፣ አይነጋገሩም፤ መኪናው ሲታጠፍ ጉልበታቸው ይነካካል፣ አሪፋም አልሰበሰበችውም። ይቅር ተባብለዋል፣ ስቀዋል፤ የሆነ ሆኖ እጇ ከቀትር ጀምሮ ባዶዋን የተመለሰች እጅ ናት፤ ጣቷን አሁንም አሁንም ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። አሥራ ዘጠኝና አንድ ቀን። ከዚያ በኋላስ? ሁለተኛ ደፍራ ትዘረጋለች?

ቦሩ ሳይደርሱ ረዳቱ ሰው እንዲያወርድ መኪናው ቆመ፤ በቆሎ ጠባሾች መስኮቱን ከበቡት። መስታወት አንድ ገዛች። መኪናው ሲነሣ ቀኑ መጨላለም ጀምሯል። አሪፋ ዓይኗን ከድና፣ ፍሬው አንድ በአንድ ከቆረቆንዳው ሲፈለቀቅ፣ መዳፍ ላይ ሲጠራቀም፣ አመዱ በትንፋሽ ሲራገፍ ሰማች። ከዚያ የሚሞቅ ነገር ከንፈሯን ነካት።

«አሪፍዬ» አለቻት መስታወት፣ «አፍሽን ክፈቺ እንጂ፣ እጄ ሊደርቅ ነው።»

ከፈተች። ትኩስ ነበር፤ አመድ አመድ ይላል። ቶሎ አልዋጠችውም፤ ፍሬውን በጥርሷ አንድ በአንድ እየፈለገች፣ መኪናው ቦሩን እስኪያልፍ ድረስ አኘከችው።